ብርቅ ማዕድናት በአልካላይን ዐለቶች ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልካላይን ዐለት ሲባል ምን ማለት ነው?

ቀልጦ የነበረና የቀዘቀዘ ዐለት ሁሉ እሳት ወለድ ይባላል፤ ገጸ ምድር ላይ ወጥቶ ይቀዝቅዝ ወይም እዚያው ጥልቀት ውስጥ ይቅር ለውጥ የለውም። ከእሳት ወለዶቹ መካከል አልካላይን የሚባለው ሶዲየሙና ፖታሲየሙ ከሲሊካው ወይም ከአሉሚኒየሙ አንጻር የበዛበት ነው። «ብዙ ሶዲየም ያለበት» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ግራናይትም ሶዲየም አያጣም። ቁም ነገሩ ሶዲየሙና ፖታሲየሙ በሙሉ ፌልድስፓር (ከሲሊካና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣምረው የሚሠሩት የተለመደ የዐለት ማዕድን) ሆነው እንዲያልቁ የሚያስችል በቂ ሲሊካ ወይም በቂ አሉሚኒየም አለመኖሩ ነው።

ሲሊካ ሲያንስ ከፌልድስፓሩ ጎን እንደ ኔፊሊንና ሶዳላይት ያሉ ማዕድናት ይፈጠራሉ። ኔፊሊንና ኳርትዝ (ንጹሕ ሲሊካ የሆነው ማዕድን) በአንድ ቅልጥ ውስጥ አብረው የማይረጉትም ለዚህ ነው፤ ነፃ ሲሊካ ቢኖር ኔፊሊኑን ወደ ሶዲየም ፌልድስፓር ይለውጠው ነበር። አሉሚኒየም ሲያንስ ደግሞ የተረፈው ሶዲየም ከብረት፣ ከቲታኒየምና ከዚርኮኒየም ጋር መጣመር ይጀምራል። የብርቅ ማዕድናቱ ነገር የሚነሳው ከዚህ ትርፍ ሶዲየም ነው።

በዓይን አይቶ መለየት ይቻላል?

አንዳንዴ። ኔፊሊን ሳየናይት (በዋናነት ከፌልድስፓርና ከኔፊሊን የተሠራ አልካላይን ዐለት) ከሩቅ ሲታይ ግራናይት ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቀው ኳርትዝ የለም። በቦታው ቅባት የነካው የሚመስል ግራጫ ወይም ቀላ ያለ ኔፊሊን አለ። ዝናብና ነፋስ በመታው ገጽ ላይ ኔፊሊኑ ከፌልድስፓሩ ቀድሞ ስለሚበላ ዐለቱ ጎድጎድ ጎድጎድ ይላል። ጥቁር አረንጓዴ የኤጂሪን መርፌዎች ወይም ጥቁር የአርፍቬድሶናይት ዘንጎች ከታከሉበት ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ሳያውቁት አልካላይን ዐለት የነኩ ሰዎች ብዙ ናቸው። በየከተማው የባንክና የቢሮ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊና ብርማ ነጸብራቅ የሚሰጠው ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ላርቪካይት ነው። የሚወጣውም በኖርዌይ ላርቪክ አካባቢ ነው። ነጸብራቁ የፌልድስፓሩ እንጂ የብርቅ ማዕድን ሥራ አይደለም፤ ብርቆቹ ያሉት በዚያው አካባቢ ዐለቱን ሰንጥቀው በገቡ ፔግማታይቶች (ትልልቅ ክሪስታል ያላቸው እሳት ወለዶች) ውስጥ ነው።

«ብርቅ ማዕድን» እና «ብርቅ የምድር ንጥረ ነገር» አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ መምታታቱ ግን የማያልቅ ነው። ብርቅ የምድር ንጥረ ነገሮች የሚባሉት እንደ ሴሪየም፣ ላንታነምና ኒዮዲሚየም ያሉ 17 ብረታዊ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ስማቸው ይሁን እንጂ ያን ያህል ብርቅ አይደሉም፤ ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር ይቀራረባል። ችግሩ ተሰባስበው የሚገኙበት ቦታ ማነሱና እርስ በርስ መነጣጠሉ አድካሚ መሆኑ ነው።

ማዕድን ግን የራሱ የሆነ ውህደትና የራሱ የሆነ የክሪስታል አወቃቀር ያለው ነገር ነው። የታወቁት የማዕድን ዓይነቶች ዛሬ ከ6,000 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ የሚገኙት በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። አንድ ማዕድን እንደ ሶዲየም፣ ሲሊከንና ካልሲየም ካሉ ተራ ንጥረ ነገሮች ተሠርቶ እንኳን እጅግ ብርቅ ሊሆን ይችላል። በጥሬ ዕቃ እጦት ብርቅ የሆነ ማዕድን ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ብርቅ ያደረገው የሚፈጠርበት ሁኔታ አልፎ አልፎ ብቻ መከሰቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው የሚያጠነጥኑት በዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ብርቅ ማዕድናት በእነዚህ ዐለቶች ውስጥ የሚበዙት ለምንድን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከጥልቁ ነው። አልካላይን ቅልጥ በብዛት የሚመነጨው ከምድር ቅርፊት ሥር ያለው ማንትል በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ ሲቀልጥ ነው። ዐለት መቅለጥ ሲጀምር ወደ ፈሳሹ ቀድመው የሚገቡት በተለመዱት ክሪስታሎች ውስጥ ስፍራ የሌላቸው ናቸው፦ ዚርኮኒየም፣ ናዮቢየም፣ ታንታለም፣ ቶሪየም፣ ዩራኒየም፣ ሴሪየምና ዘመዶቹ። የአተሞቻቸው ግዝፈት ወይም የኤሌክትሪክ ሙላቸው ከተለመዱት ክሪስታሎች ጋር አይገጥምም። ቅልጡ ትንሽ ከሆነ እነዚህ ሁሉ በዚያች ትንሽ ፈሳሽ ውስጥ ይታጨቃሉ።

ቅልጡ ወደ ላይ ወጥቶ መቀዝቀዝ ሲጀምር መከማቸቱ ይቀጥላል። ፌልድስፓርና ኔፊሊን ቀድመው ሲረጉ ስፍራ ያጡት በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ይበረክታሉ፤ ድስት ውስጥ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጨዉ እንደሚበረታ ማለት ነው። ይህ በግራናይትም ይሆናል። እዚያ ግን ዚርኮኒየም ገና በጠዋቱ ከሲሊካ ጋር ተጣምሮ ዚርኮን ይሆንና ከጨዋታው ይወጣል። ሶዲየም በተትረፈረፈበት ቅልጥ ውስጥ ግን ዚርኮኒየም በብዛት ይሟሟል፤ ዚርኮን ሳይሆን እስከ መጨረሻው ይቆያል። በመጨረሻ ሲረጋም ብቻውን አይረጋም፤ ሶዲየሙን፣ ካልሲየሙን፣ ክሎሪኑን፣ አንዳንዴም ናዮቢየሙን ይዞ ባለ ብዙ ክፍል ማዕድን ይሆናል።

ሦስተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ፍሎሪን፣ ክሎሪንና ውሃ በቅልጡ ውስጥ ስለሚቆዩ የመርጊያውን ሙቀት ወደ ታች ይጎትቱታል። ግራናይት ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲጨርስ፣ ሶዲየም የሞላበት ቅልጥ እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ፈሳሽ ሆኖ ሊዘልቅ ይችላል። ከዚያም በኋላ በድንገት አይቆምም። ቅልጡ ቀስ በቀስ ወደ ትኩስ ጨዋማ ውሃ ይለወጥና አስቀድሞ የተፈጠሩትን ማዕድናት መልሶ እየበላ አዳዲሶችን ይሠራል። አንድ ዚርኮኒየም ተሸካሚ ማዕድን በዚህ መንገድ በየደረጃው ወደ አራትና አምስት ሌሎች ማዕድናት ሊቀየር ይችላል። የዓይነቱ ብዛት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው።

አልካላይን ዐለት ሁሉ ብርቅ ማዕድን አለው?

የለውም፤ አብዛኛው አሰልቺ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጂኦሎጂስቶች ኔፊሊን ሳየናይቶችን ሚያስካይቲክ እና አግፓይቲክ ብለው ይከፍሏቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ውስጥ ዚርኮኒየምና ቲታኒየም በተለመዱት ዚርኮን፣ ታይታናይትና ኢልሜናይት ውስጥ ይቀመጣሉ። በሁለተኛዎቹ ውስጥ ግን እነዚህ ንጥረ ነገሮች ከሶዲየም ጋር ተወሳስበው እንደ ዩዲያላይት ባሉ ማዕድናት ውስጥ ይገኛሉ። አግፓይቲክ የሚለውን ስያሜ ያወጣው ዴንማርካዊው ኒልስ ቪጎ ኡሲንግ ሲሆን በ1912 በታተመው የደቡብ ግሪንላንድ ጥናቱ ውስጥ ይገኛል። ብርቅ ፈላጊ ዓይኑን የሚጥለው በአግፓይቲኮቹ ላይ ነው።

የመቀዝቀዣ ፍጥነትም ይወስናል። በሶዲየም የበለጸገ ቅልጥ እሳተ ገሞራ ሆኖ ፈንድቶ በቶሎ ከቀዘቀዘ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ያጣና መስታወት ይሆናል። ንጥረ ነገሮቹ አሉ፤ ማዕድኑ የለም።

በዓለም ላይ ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?

ስማቸው ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው በሩሲያ ኮላ ልሳነ ምድር ጎን ለጎን ያሉት ኺቢኒ እና ሎቮዜሮ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ360 እስከ 380 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ኺቢኒ ብቻውን ከ1,300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ በዓይነቱ ከዓለም ግዙፎች አንዱ ነው። መጀመሪያ በሥርዓት ያጠናቸው በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ ፊንላንዳዊው ዊልሄልም ራምዚ ነበር። ከ1920 ጀምሮ ደግሞ አሌክሳንደር ፌርስማን ጉዞዎችን እያደራጀ ማዕድናቱን አሰሰ። በሁለቱ ተራሮች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኙት ማዕድናት ሲደመሩ ከ200 ይበልጣሉ። በዚህ የሚወዳደራቸው ቦታ ያለ አይመስለኝም።

በደቡብ ግሪንላንድ ያለው ኢሊማውሳቅ ዕድሜው 1,160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን ስፋቱ ከኺቢኒ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ውበቱ ግን ወደር የለውም። ካኮርቶካይት በተባለው የታችኛው ክፍሉ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ንጣፎች ተደራርበው ይታያሉ፦ ጥቁሩ አርፍቬድሶናይት፣ ቀዩ ዩዲያላይት፣ ነጩ ፌልድስፓር። ይህ ሦስትዮሽ 29 ጊዜ ይደጋገማል፤ ለምን እንደዚያ በሥርዓት እንደተደረደረ ጂኦሎጂስቶች ዛሬም ይከራከራሉ። የአካባቢው ማዕድናት ወደ አውሮፓ የደረሱበት መንገድም እንግዳ ነው። ካርል ሉድቪግ ጊሴኬ የተባለው ሰብሳቢ ከ1806 እስከ 1813 ግሪንላንድ ውስጥ ሲቆይ፣ ቀድሞ በመርከብ የላከው ስብስብ በናፖሊዮን ጦርነቶች ዘመን ባሕር ላይ ተማርኮ ስኮትላንድ ውስጥ በጨረታ ተሸጠ። በ1811 ቶማስ ቶምሰን ሶዳላይትን ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ከግሪንላንድ በመጣ ናሙና ነው።

በካናዳ ኩቤክ ያለው ሞን ሳን ኢሌር ወጣት ነው፤ 124 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። አንድ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ነው ዝናውን የሠራው፤ ከ400 በላይ የማዕድን ዓይነቶች ተመዝግበውበታል። የኖርዌይ ላንገሱንድ ፊዮርድ ደግሞ የቶሪየም አገር ነው። ቶራይት የተባለው ጥቁር ማዕድን ከዚያ ተገኝቶ ወደ ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርሴሊየስ ተላከ፤ እሱም በ1829 ከውስጡ አዲስ ንጥረ ነገር አወጣ። ከነዚህ ሌላ በጊኒ ጠረፍ ያሉት የሎስ ደሴቶች፣ የደቡብ አፍሪካው ፒላነስበርግና የብራዚሉ ፖሶስ ዴ ካልዳስ ይጠቀሳሉ።

የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆስ?

አህጉር ሲለጠጥና ሲሰነጠቅ ከሥሩ ያለው ማንትል በጥቂቱ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ስምጥ ሸለቆዎች የአልካላይን ዐለት መናኸሪያ ናቸው። በማላዊ የቺልዋ አካባቢ በተለይ ማሎሳ ተራራ በኤጂሪን ክሪስታሎቹ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። በኬንያ ምሪማ ኮረብታ ናዮቢየምና ብርቅ የምድር ንጥረ ነገሮች፣ በኡጋንዳ ሱኩሉ ደግሞ ፎስፌት አለ።

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፈንታሌና ገደምሳን የመሰሉ እሳተ ገሞራዎች ትርፍ ሶዲየም ያለበት ራዮላይት (ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ዐለት) አፍስሰዋል። ይህ ከላይ የተባለው የመስታወት ጉዳይ ነው፤ ቅልጡ ገጸ ምድር ላይ በፍጥነት ስለቀዘቀዘ ትልልቅ ብርቅ ክሪስታሎች አይጠበቁበትም። በማይክሮስኮፕ ግን ኤኒግማታይት የተባለውን ጥቁር ቡናማ ማዕድን ማየት ይቻላል፤ መጀመሪያ የተገለጸውም ከግሪንላንድ ነው።

ካርቦናታይት ከእነዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ካርቦናታይት ከግማሽ በላዩ ካርቦኔት የሆነ እሳት ወለድ ዐለት ነው። እምነ በረድ ይመስላል፤ የመጣው ግን ከቅልጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአልካላይን ዐለቶች ጋር አብሮ ይገኛል፤ ከአንድ ምንጭ የወጡ ወይም ከአንድ ቅልጥ እንደ ዘይትና ውሃ የተለያዩ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። በኢኮኖሚ ረገድ ከሳየናይቶቹ ይበልጥ የሚፈለገው እሱ ነው፤ የአሜሪካው ማውንቴን ፓስና የብራዚሉ አራሻ ካርቦናታይቶች ናቸው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው የታንዛኒያው ኦል ዶኢንዮ ሌንጋይ ነው። በ1960 ጂኦሎጂስቱ ባሪ ዶውሰን ወደ አፉ ወርዶ ያየው ላቫ ሲሊካ አልባ ሶዲየም ካርቦኔት ሆኖ ተገኘ። ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ነው፤ የተለመደው የባዛልት ላቫ እጥፉ ያህል ይሞቃል። ላቫው ሲወጣ ጥቁር ነው፤ ከአየሩ እርጥበት ስቦ በቀናት ውስጥ ነጭ ይሆናል። ዋናዎቹ ማዕድናቱ ግሬጎራይት እና ናይሬራይት ናቸው፤ ሁለተኛው የተሰየመው በፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ነው። በእርጥበት ስለሚፈርሱ ከአሮጌ እሳተ ገሞራዎች ውስጥ እነሱን መፈለግ ብዙም አያዋጣም።

ዩዲያላይት ላይ ይህን ያህል የሚወራው ለምንድን ነው?

ምክንያቱም የአግፓይቲክ ዐለቶች መለያ እሱ ነው። ከሮዝ እስከ ደም ቀይ የሆነ የዚርኮኒየም ማዕድን ሲሆን በ1819 ፍሪድሪክ ሽትሮማየር ከግሪንላንድ ናሙና ገልጾታል። አንድ ዐለት አግፓይቲክ ነው ለማለት ጂኦሎጂስት መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። በኮላ የሳሚ ሕዝብ አገር ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ ስለሚታይ «የሳሚ ደም» የሚል ቅጽል አለው።

አወቃቀሩ ክፍሎቹን በቀላሉ የሚያቀያይር ነው። በአንዱ ቦታ ብረት ወይም ማንጋኒዝ፣ በሌላው ካልሲየም ወይም ብርቅ የምድር ንጥረ ነገር፣ በሦስተኛው ናዮቢየም ወይም ሲሊከን ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ዩዲያላይት የአንድ ማዕድን ስም ብቻ ሳይሆን የአንድ ትልቅ ቤተሰብም ስም ነው። ገበያ ላይ ቀዩን ሁሉ ጋርኔት ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ጋርኔት ከዩዲያላይት በጣም ይጠነክራል፤ በአሲድም አይነካም፤ ዩዲያላይት ግን በአሲድ በቀላሉ ይፈርሳል።

ቀለማቸውን ይቀያይራሉ የሚባሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የሶዳላይት ዓይነት የሆነው ሃክማናይት ዋናው ምሳሌ ነው። ከኮላ ወይም ከግሪንላንድ የመጣው ዐለቱ ገና ሲሰበር እንጆሪ የመሰለ ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ብርሃን ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል። አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ወይም ጨለማ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቀመጥ ቀለሙ ይመለሳል። ደጋግሞ ቢሞከር አይሰለችም።

ሥራው የኤሌክትሮኖች ነው። በክሪስታሉ ውስጥ ክሎሪን ሊኖርባቸው የሚገቡ አንዳንድ ቦታዎች ባዶ ናቸው። አልትራቫዮሌት ጨረር ከሰልፈር አካባቢ ኤሌክትሮን ያስነሳና በባዶው ቦታ ያሳርፈዋል፤ የታሰረው ኤሌክትሮን ከሚታየው ብርሃን ከፊሉን ስለሚውጥ ማዕድኑ ቀለም ይይዛል። የሚታየው ብርሃን ደግሞ ኤሌክትሮኑን ይፈታዋል። በቤሪሊየም የተሠራው የግሪንላንዱ ቱግቱፓይትም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ በአልትራቫዮሌት ሥር ደግሞ ፍም መስሎ ይቀላል።

ውሃ የሚያሟሟቸው ማዕድናት አሉ ይባላል፤ እንዴት ዐለት ውስጥ ቆዩ?

የቆዩት ውሃ ስላልደረሰባቸው ነው። ቪልዮማይት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ቀይ የሶዲየም ፍሎራይድ ክሪስታል ሲሆን በ1908 አልፍሬድ ላክሯ ከሎስ ደሴቶች ገለጸው። ዝናብ ከነካው ይሟሟል፤ ስለዚህ ገጸ ምድር ላይ የሚገኘው ባዶ ቀዳዳ ብቻ ነው። ማዕድኑ የሚታየው በመሿለኪያና በቁፋሮ ጥልቀት ውስጥ ነው። የኮላና የኢሊማውሳቅ ዝርዝር የረዘመውም በከፊል ማዕድን ቆፋሪዎች ውሃ ያልነካውን ዐለት ስለከፈቱት ነው።

ሰብሳቢ ከሆኑ እንደዚህ ያለውን በውሃ አይጠቡ፤ በደረቅ ብሩሽ አጽድተው እርጥበት ከሚስብ ነገር ጋር በተዘጋ ዕቃ ያስቀምጡ። ምላስ ላይ አድርጎ መቅመስ፣ የድሮ ጂኦሎጂስቶች ልማድ ቢሆንም፣ እዚህ አይሞከርም፤ ሶዲየም ፍሎራይድ መርዝ ነው።

ጨረር ያመነጫሉ? ቤት ማስቀመጥ ያሰጋል?

አንዳንዶቹ ያመነጫሉ። ቶሪየምና ዩራኒየም ስፍራ ካጡት ንጥረ ነገሮች መካከል ስለሆኑ በቶራይት፣ በስቲንስትሩፒንና በአንዳንድ ፓይሮክሎር (የናዮቢየም ማዕድን) ውስጥ ይገኛሉ። ሶዳላይት፣ ኤጂሪንና አስትሮፊላይት ግን በዚህ አያሳስቡም። ትልቁ ጥንቃቄ አቧራውን አለመተንፈስ ነው፤ ድንጋይ ሲቆርጡም ሲፈጩም ውሃ እያፈሰሱና ጭንብል አድርገው ይሥሩ። ይህ ጨረር ለሌላቸውም ይሠራል፤ ከአምፊቦሎቹ (አርፍቬድሶናይትን ከመሰሉት ማዕድናት) መካከል እንደ አስቤስቶስ ቃጫ የሚሆኑ አሉና። ጨረር ያለበትን ናሙና አየር በሚዘዋወርበት ክፍል፣ ከመኝታ ርቆ ማስቀመጥና ከነኩት በኋላ እጅ መታጠብ ይበቃል።

ከሙዚየም ማስጌጫነት ያለፈ ጥቅም አላቸው?

አላቸው፤ ግን ከሚጠበቀው ጎን አይደለም። ኺቢኒን ትልቅ የማዕድን አካባቢ ያደረገው ከብርቆቹ አንዱ ሳይሆን አፓታይት ነው፤ በየትኛውም ዐለት ውስጥ በትንሹ የሚገኝ ተራ የፎስፌት ማዕድን፣ እዚያ ግን በተራራ ልክ ተከምሮ የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ ሆነ። ከጎረቤቱ ሎቮዜሮ የሚወጣው ሎፓራይት ግን በእርግጥ ብርቅ ነው፤ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ የብርቅ ምድር ኦክሳይድ ሲሆን ናዮቢየም፣ ታንታለምና ቲታኒየምም ይገኝበታል። በካርቦናታይቶች ውስጥ ያለው ፓይሮክሎር ደግሞ የዓለም ናዮቢየም ዋና ምንጭ ነው። አብዛኛው ከብራዚል ይወጣል፤ ብረትን ለማጠንከር ይውላል።

ክራዮላይትን መርሳት አይገባም። በደቡብ ግሪንላንድ ኢቪቱት ከግራናይት ጋር ተያይዞ የተገኘው ይህ ነጭ የፍሎሪን ማዕድን ብርሃን የሚሰብረው ከውሃ ጋር በሚቀራረብ መጠን ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲነከር የጠፋ ይመስላል። በ1886 አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ የማውጣት ዘዴ ሲፈለሰፍ አሉሚናውን የሚያሟሟው ቅልጥ ክራዮላይት ሆነ። የኢቪቱት ክምችት ተሟጦ ሥራው በ1987 ቆመ፤ ዛሬ በሰው ሠራሽ ይተካል።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ሲቲናካይት ነው። ከኺቢኒ የወጣ፣ በዓይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግር የቲታኒየም ማዕድን ነው። በውስጡ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ሲዚየምን መርጠው ይይዛሉ። ተመሳሳይ አወቃቀር ያለው ሰው ሠራሽ ውህድ በቤተ ሙከራ ተሠርቶ፣ ከ2011ዱ የፉኩሺማ አደጋ በኋላ ሲዚየምን ከተበከለው ውሃ ለማጣራት ውሏል።

ዩዲያላይት ብርቅ የምድር ንጥረ ነገር ካለው ለምን በሰፊው አይቆፈርም?

በወረቀት ላይ ማራኪ ነው። ከባዶቹን የብርቅ ምድር ንጥረ ነገሮች ይይዛል፤ ዩራኒየምና ቶሪየሙ ዝቅተኛ ነው፤ በአሲድም ያለ ብዙ ሙቀት ይሟሟል። መከራው የሚመጣው ከመሟሟቱ በኋላ ነው። አብሮ የሚሟሟው ሲሊካ ወደ ዝልግልግ ጄል ይለወጥና ማጣሪያውን ይደፍናል፤ የተፈለጉትንም ንጥረ ነገሮች በውስጡ ያስቀራል። ዘዴዎች ተሞክረዋል፤ በቤተ ሙከራ የሚሠራው ሁሉ ግን በፋብሪካ ደረጃ አትራፊ አይሆንም።

ከኬሚስትሪው ውጭ ያለውም ጣጣ ቀላል አይደለም። በስዊድን ያለው የኖራ ሼር ክምችት ብዙ ሕዝብ ከሚጠጣው የቬተርን ሐይቅ ብዙም ስለማይርቅ ለዓመታት ክርክር አስነስቷል። በኢሊማውሳቅ ጫፍ ላይ ያለው ክቫነፌልድ ደግሞ ዋና ማዕድኑ ስቲንስትሩፒን በመሆኑ ዩራኒየም አብሮ ይወጣል። የግሪንላንድ ፓርላማ በ2021 ዩራኒየሙ ከሚሊዮን እጅ 100 የሚበልጥ ክምችት እንዳይቆፈር በሕግ ከልክሏል። በአንድ ዐለት ውስጥ ምን ያህል ቶን አለ የሚለው ዜና ብቻውን ማዕድን ማውጫ ይከፈታል ማለት አይደለም።

ብርቅ ከሆነ ውድ ነው ማለት ነው?

ብርቅነትና ዋጋ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ከመቶ ያነሱ ናሙናዎች ያሉት፣ ግን ግራጫ ዱቄት የሚመስል ማዕድን ገዢው ጥቂት ነው። ዋጋ የሚያወጣው ቀለም፣ የክሪስታል ቅርጽና ለጌጥ መቆረጥ መቻል ነው። ቻሮአይት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1978 የተገለጸው ይህ ሐምራዊ ማዕድን የሚገኘው በምሥራቅ ሳይቤሪያ ሙሩን ተራራ ብቻ ነው። እዚያ ግን በትልልቅ ቋጥኝ ስለሚወጣ ጌጥና ዕቃ ይሠራበታል፤ ከብዙ የተለመዱ የከበሩ ድንጋዮችም ይረክሳል።

አዲስ ማዕድን መሆኑን የሚወስነው ማን ነው?

በ1958 በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የማዕድን ጥናት ማኅበር ሥር ያለው ኮሚሽን ነው። አግኚው የኬሚካል ውህደቱን፣ የክሪስታል አወቃቀሩንና አካላዊ ጠባዮቹን አሟልቶ ያቀርባል፤ አባላቱ ድምፅ ይሰጣሉ። ናሙናው ለሁልጊዜው በሙዚየም መቀመጥ አለበት። በራስ ስም መሰየም አይፈቀድም።

በአልካላይን ዐለቶች ላይ የሚነሳው አስቸጋሪ ጥያቄ የመለያው ወሰን ነው። እንደ ዩዲያላይት ባለ አወቃቀር ውስጥ በአንድ ቦታ ላይ ማንጋኒዝ ብረትን ሲበልጥ ሌላ ስም ይሰጠዋል። አንዱ ክሪስታል ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ሁለት ሕጋዊ ማዕድን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «እዚህ ቦታ ይህን ያህል ዓይነት አለ» የሚለው ቁጥር የተፈጥሮን ብዛት ብቻ ሳይሆን የመቁጠሪያውን ደንብና ስንት ተመራማሪ በቦታው እንደሠራም ይነግራል።

በአንድ ቦታ ብቻ የተገኘ ማዕድን ሌላ ቦታ የለም ማለት ይቻላል?

አይቻልም፤ የሚቻለው «እስካሁን አልተገኘም» ማለት ነው። ፓውድሬታይት በሞን ሳን ኢሌር ተገኝቶ በ1987 በጥቃቅን ክሪስታሎች ተገለጸ፤ የአልካላይን ዐለት ልጅ ነው ተብሎ ተመዘገበ። በ2000 ግን በምያንማር ሞጎክ፣ ሩቢ በሚወጣበት ፍጹም ሌላ የዐለት ዓለም ውስጥ፣ ለጌጥ ሲቆረጥ 3 ካራት የሆነ ሐምራዊ ፓውድሬታይት ወጣ። ቦሮን፣ ፖታሲየም፣ ሶዲየምና ሲሊካ በተገቢው መጠን ከተገናኙ ማዕድኑ ይፈጠራል፤ ዐለቱ ስሙ ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

አንዳንዴ ደግሞ ራሱ ባይገኝ ወንድሙ ይገኛል። ሰማያዊው ካርልቶናይት በ1971 ከተገለጸ ጀምሮ የሞን ሳን ኢሌር ብቻ ሆኖ ኖሯል። በውስጡ ሲሊካና ካርቦኔት አብረው የተቀመጡበት አወቃቀር ለዚያ ጉድጓድ ብቻ የተሰጠ ይመስል ነበር። በ2019 ግን ፍሎሪን የሚያመዝንበት አቻው፣ ፍሎርካርልቶናይት፣ እንደ አዲስ ማዕድን ጸደቀ። የተገኘውም ቻሮአይት ከሚወጣበት ከሙሩን ነው።